ፊት ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ

እኛ ቤት ለእረፍት የሚወጣበትን ቀን ለመቁረጥ የስንት ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የኔ አለቃ፣ የባለቤቴ አለቃ፣ የልጆቼ አባት፣ የባለቤቴ ልጆች እናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ካላንደር። እኔ አካውንታንት ነኝ፣ ሂሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ታምሜ እንኳን ከቢሮ አልቀርም፣ ባለቤቴ በሺፍት ነው የሚሰራው፣ የሱ ልጆች እየተፈራረቁ አንድ ሳምንት እኛ ጋ አንድ ሳምንት እናታቸው ጋ ናቸው፣ የኔዎቹ ደግሞ የእረፍታቸውን ግማሽ ከአባታቸው ጋር ነው የሚያሳልፉት። ይሄ ሁሉ የሚገጥምባት ሳምንት በዓመት ከተገኘች ተመስገን ነው፣ ስትገኝም ዘንድሮ የሩብ ዓመት ሪፖርት ማስረከቢያ ላይ አረፈች። በቃ ላፕቶፑን ይዤ እወጣለሁ አልኩ።

ለማታውቁን፣ ሁለታችንም ከዚህ በፊት ትዳር ነበረን፣ ሁለታችንም ልጆቻችንን ይዘን ነው የተጋባነው። የሱ ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 8። የኔዋ 11፣ የኔው 6። ትልቋ በስሜ ትጠራኛለች። ትንሹ ምንም ብሎ አይጠራኝም፣ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ፊቴ መጥቶ ይቆምና "ስሚኝማ" ብሎ ይጀምራል፣ እኔም "ወዬ" እላለሁ። እንዲህ ተመችቶናል፣ እማዬ በለኝ ብዬውም አላውቅ።

እንደኛ ያለ ቤተሰብ ለእረፍት ሲወጣ ሰው ሁሉ "ጎሽ፣ ልጆቹ ይቀራረባሉ፣ አንድ ትሆናላችሁ" ይላል። ለመልካም ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አንድ እንሁን ተብሎ የሚወጣ ጉዞ ነው ቶሎ የሚበላሸው ባይ ነኝ። ጠዋትም ቀንም ማታም ስድስታችን አብረን፣ ፎቶ ላይ ሁሉም ፈገግ ብሎ፣ አንዱ ልጅ ሲያኮርፍ "ለናንተ ብለን እኮ ነው የመጣነው" እየተባለ። ማን ይችለዋል? ዘንድሮ እኔና ባለቤቴ የተስማማነው ሌላ ነገር ነው፣ የሚለያየውን ለይተን እንሂድ። ስራን ከእረፍት፣ የሱን ልጆች ሰዓት ከኔ ልጆች ሰዓት፣ የኔን ጸሎት ከነሱ ግዴታ። ሲባል ቀላል ነው።

መጀመሪያ ወረቀት። ድንበር ስለምንሻገር የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልገናል፣ እንደኛ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ነገር አትናቁት። ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ ወይ ከእንጀራ እናቱ ወይ ከእንጀራ አባቱ ጋር ሲጓዝ ብዙ አገር ድንበር ላይ፣ አንዳንዴም ኤርፖርት ላይ፣ "ሌላው ወላጅ ፈቅዷል?" ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ምክንያቱ ያለ ነው፣ ተፋቶ ልጁን ይዞ አገር ጥሎ የሚጠፋ ወላጅ ብዙ ስለነበረ ነው እ.ኤ.አ. በ1980 የሄግ ስምምነት የሚባለው የወጣው፣ ያለአግባብ ከአገር የወጣ ልጅ ወደሚኖርበት አገር የሚመለስበትን መንገድ የሚደነግግ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ከልጅ ጋር የሚገባ ሰው ሁሉ የሁለቱም ወላጅ ስም ያለበት የልደት ሰርተፍኬት ይያዝ ብላ ስንቱን ቤተሰብ ኤርፖርት ላይ አስቀርታ ነበር፣ በኋላ ነው ያላላችው። ደብዳቤው ላይ የልጁ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደሚሄድ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የፈቀደው ወላጅ ስልክ ይገባል፣ ከተቻለ ደግሞ ውልና ማስረጃ ወይም ኖተሪ ዘንድ ይረጋገጣል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ህክምና ነው። አባትየውን ስላገባሁ ብቻ ለልጁ ሆስፒታል ውስጥ ልፈርምለት አልችልም፣ በብዙ አገር ህግ ጋብቻ ብቻውን የእንጀራ እናትን ወላጅ አያደርጋትም፣ ወይ ጉዲፈቻ ወይ የፍርድ ቤት ሞግዚትነት ይጠይቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ "ድንገተኛ ህክምና ቢያስፈልግ እሷም መፍቀድ ትችላለች" የሚል መስመር አስጨመርን። ያንን መስመር የፈረመችው እናታቸው ናት። እኔና እሷ በወጉ አውርተን አናውቅም፣ ሰላምታ ነው፣ ግን ፈርማ ስትልክ ከስሩ በእጅ ጽሁፍ ትንሹ የትኛው መድሀኒት እንደማይስማማው ጨምራበት ነበር። ማንም ጻፊ አላላትም። ወረቀቱን ሁለቴ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዛ መኪና።

ባለቤቴ ከተፋታ ጀምሮ እሱ ሲነዳ ትልቋ ናት ፊት የምትቀመጠው። ከኔ በፊት የነበረ ልማድ ነው፣ ሙዚቃ የምትመርጠው እሷ፣ ማፑን የምታነበው እሷ፣ ውሃ ከፍታ የምታቀብለው እሷ። እና ረጅም መንገድ ሲሆን ሚስት ናትና ፊት ትቀመጥ ተብሎ ልጅቷ ኋላ ስትገባ ምን እንደሚሰማት ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ ያዕቆብ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 33 ላይ ወንድሙ ኤሳው ከ400 ሰው ጋር ሲመጣበት ፈራና ቤተሰቡን ደረደረ፣ ሁለቱን አገልጋዮች ከነልጆቻቸው ፊት፣ ልያንና ልጆቿን ቀጥሎ፣ ራሔልንና ዮሴፍን መጨረሻ ላይ፣ አደጋ ቢመጣ መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ። ብንያም ገና አልተወለደም። እስቲ አስቡት፣ ከፊት የተሰለፈው ልጅ እኮ አይን አለው፣ ዞር ብሎ ሲያይ ማን ከኋላ እንደተደበቀ ያያል። አራት ምዕራፍ ቆይቶ ወንድማማቾቹ ዮሴፍን ሲሸጡት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀሚሱ ነው። እኔ ያ ሰልፍም ያለበት ይመስለኛል። ሰባኪ አይደለሁም፣ መኪና ውስጥ ልጅ አስቀምጬ ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ መነሻው ላይ እኔ ኋላ ገባሁ፣ ሶስቱ ትንንሾች መሀል፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ። አላማረረኝም አልልም። የኔዋ ወዲያው "ለምን እሷ? እኔም ፊት እፈልጋለሁ፣ ተራ ይሁን" ብላ ተነሳች፣ ፍትህ ላይ እንደሷ የሚከራከር ጠበቃ የለም። እዚህ ላይ የአሜሪካ የህፃናት ሀኪሞች ማህበር አዳነኝ፣ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ኋላ ይቀመጥ ነው የሚሉት፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ ለትንሽ ልጅ ራሱ አደጋ ነው። "እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሀኪሞቹ ናቸው" አልኳት። "መቼ ነው 13 የምሞላው?" ብላ በጣቷ ቆጥራ ዝም አለች። ግማሽ መንገድ ላይ እኔ መንዳት ስጀምር ባለቤቴ ፊት መጣ፣ ትልቋ ኋላ ገብታ ጆሮዋ ላይ ሄድፎን አድርጋ ተኛች። ለሷ ዋናው መነሻው ነበር መሰለኝ፣ ከቤት ሲወጣ ማን ከአባቷ ጎን እንዳለ።

ፓትሪሺያ ፔፐርናው የምትባል አሜሪካዊት የስነ ልቦና ባለሙያ አለች፣ ለብዙ ዓመታት እንደኛ ባሉ ቤተሰቦች ላይ የሰራች። የምትለው ነገር ባጭሩ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሁሌም የውስጥ ሰውና የውጭ ሰው አለ፣ አባትና ልጅ ለዓመታት የሚያውቁት ቀልድ አላቸው፣ አዲሷ ሚስት አጠገባቸው ቁጭ ብላ የምትስቀው ሰው ስለሳቀ ነው። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ቤቱ የተሰራው እንደዛ ነው። ቶሎ የሚገጣጠመው ቤተሰብ 4 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ አብዛኛው ወደ 7 ዓመት ይጠጋል ትላለች። ይሄን ሳነብ የተሰማኝ እፎይታ ነው። 7 ዓመት የሚፈጀውን ነገር እኔ በአንድ ሳምንት ሆቴል ውስጥ ልጨርሰው? መፍትሄ ብላ የምትመክረው ደግሞ ብዙ ሰው ከሚመክረው ጋር ይጋጫል፣ ሁሌ አንድ ላይ አትሁኑ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ጊዜ አሳልፉ፣ አባት ከራሱ ልጆች ጋር ብቻ፣ እናት ከራሷ ጋር ብቻ፣ ከዛ የእንጀራ እናት ከአንዷ ልጅ ጋር ብቻ፣ ቅጣትና ቁጣ ደግሞ ለጊዜው የወለደው ይያዘው።

እኛም ከሰዓት በኋላውን ለሁለት ከፈልነው። እሱ ልጆቹን ይዞ ጀልባ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ አሸዋ ላይ፣ በማግስቱ ተገላቢጦሽ። ለልጆቹ ስንነግራቸው ይከፋቸዋል ብዬ ነበር፣ የሱ ትልቋ "ማለት እኛና አባዬ ብቻ?" ብላ ስትጠይቅ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ለመደበቅ እንኳን አልሞከረችም። ትንሽ ወጋኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ግን ያ ደስታ እኔን ለመጥላት አይደለም፣ አባቷን ስለናፈቀችው ነው፣ አንድ ቤት እየኖሩም እኮ ይናፈቃል። ቁጣውንም እንደተባለው ለየን፣ የሱን ልጆች እሱ፣ የኔን እኔ። ውሃ ዳር ብቻ ይሄ ህግ አይሰራም፣ እዛ ያገኘ ትልቅ ሰው ያገኘውን ልጅ ይጮህበታል ብለን ተስማማን፣ እኔም ጮኬበታለሁ።

ስራውን በተመለከተ። እረፍት ላይ እየሰሩ እንዳልሰሩ መምሰል የሚባለውን ነገር አልወደውም፣ ልጅ ጨዋታ ሲያሳይሽ አንገት እየነቀነቁ ከጠረጴዛ ስር ኢሜል ማንበብ። ልጅ ያውቃል። ስለዚህ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት የቢሮ ነኝ፣ ከዛ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ስልኬ ባለቤቴ ኪስ ነው ብዬ በፊት ለቢሮም ለልጆችም ተናገርኩ። ቢሮ ያለ አንድ ሰው እኩለ ቀን ላይ "አስቸኳይ" ብሎ ደውሎ ነበር፣ ባለቤቴ አንስቶ "ውሃ ውስጥ ናት፣ ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ትመልሳለች" አለው። አስቸኳዩ ነገ ጠዋት ድረስ ቆየ፣ ማንም አልሞተም።

ያ የጠዋት ሁለት ሰዓት ግን ያልጠበቅኩትን ነገር ይዞ መጣ። ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ትሪያል ባላንሱ አልገጥም ብሎኝ ስፋጅ ትልቋ በፒጃማ ወረደች፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏት። ፊት ለፊቴ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ስልኳን ማየት ጀመረች። እኔም አላወራኋትም፣ እሷም አላወራችኝም። ረጅም ሰዓት እንደዛ ቆየን፣ ከዛ "ምንድነው እንደዛ የሚያስተነፍስሽ?" አለች። ስክሪኑን አዞርኩላት፣ ይሄ ዴቢት ነው፣ ይሄ ክሬዲት፣ ድምራቸው እኩል መሆን አለበት፣ ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሁለት ቁጥር አቀያይሮ ጽፎ ነው፣ 54ን 45 ብሎ። "እና ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል?" አለችኝ፣ በስልኳ አካፈለችው፣ ተካፈለ። ከላይ እስከ ታች አብረን ፈለግን፣ እሷ ናት ያገኘችው፣ ሀምሳ ሁለተኛው መስመር ላይ። "ይሄን ለመስራት ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?" ብላ ሳቀችብኝ። ልንቀራረብ ብለን ጀልባ ላይ ብንወጣ ኖሮ ይሄን አናወራም ነበር፣ ጎን ለጎን ሆኖ ሌላ ነገር ማየት ለአስራዎቹ ልጆች ይቀላል፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ "እንዴት ነሽ፣ ምን ተሰማሽ" ሲባሉ ነው የሚዘጉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የኔ ልጆች ማታ ሳይጸልዩ አይተኙም፣ ከህፃንነታቸው ጀምሮ። የሱ ልጆች እናታቸው ቤት ይሄ የለም፣ እኛ ጋ ሲሆኑ ደግሞ ክፍላቸው ሌላ ስለሆነ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሆቴል ውስጥ ግን አንድ ሰፊ ክፍል ነው፣ ስድስታችንም እዛው። የምናስገድዳቸው ከሆነ እናታቸው ቤት የሌለውን ነገር በኔ በኩል ጫንኩባቸው፣ ትተነው እንተኛ ካልን ደግሞ የኔ ልጆች "ለምን?" ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ዘዳግም 6 ላይ ለልጆችህ በቤት ስትቀመጥም በመንገድ ስትሄድም ንገራቸው ይላል፣ በመንገድ ተብሎ ተጽፏል እንግዲህ፣ ግን ሌላ ሰው ስለወለደው ልጅ ምንም አይልም። ባለቤቴ እንደኔው አማኝ ነው፣ ቢሆንም ልጆቹን በግድ አቁሞ ማስጸለይ አይፈልግም፣ እኔም አልፈልግም። የተስማማነው፣ ማታ እንጸልያለን፣ የፈለገ ይቆማል፣ ያልፈለገ አልጋው ላይ ዝም ብሎ የራሱን ነገር ያደርጋል፣ ማንም ማንን አይሰብክም፣ በተለይ የ11 ዓመቷ ጠበቃ።

በዚሁ እየሄድን ሳለ አንድ ማታ አባታችን ሆይ ብለን ጨርሰን ስም እየጠራን ለሰው ስንጸልይ፣ ለአያቶች፣ ለታመመች አክስት፣ ትንሹ አልጋው ላይ እንደተኛ "ስሚኝማ" አለ። ወዬ። "እናቴንም ጨምሪያት።" የኔዋ ወዲያው "እሷ እኮ የኛ ዘመድ አይደለችም" አለች፣ በክፋት አይደለም፣ ዝርዝሩ የዘመድ ነው ብላ ነው የምታስበው። እኔ "እንጨምራታለን" አልኩና ስሟን ጠራሁ። የባልሽን የድሮ ሚስት ስም ጮክ ብሎ ለፈጣሪ መስጠት፣ ባልሽ አጠገብሽ ቆሞ፣ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፣ አፌ ላይ ከበደኝ፣ ቶሎ አልኩት። የኔዋ ይሄን እንዳየች "እሺ የኔም አባት ይጨመር!" ብላ ወደ ባለቤቴ ዞረች። "አንተ ጥራው።" ባለቤቴ ጠራው። ትልቋ ከሄድፎኗ ስር ስትስቅ ሰማኋት፣ ለካ ሙዚቃው ጠፍቶ ነበር።

እሁድ ጠዋት የኛ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል፣ እኔ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ በጨለማ ወጣሁ፣ እሱ ከልጆቹ ጋር ቀረ። ቅዳሜ ማታ ትልቋ "እኔም መሄድ አለብኝ?" ብላ ነበር፣ "የለብሽም" አልኳት፣ ተኛች፣ ከዚህ በኋላ የሚነገር ታሪክ የለውም። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለው ጉዞ ግን ቅዳሴው ላይ ቆሜ ትዝ ብሎኝ ነበር። ጌታ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ሄደው ሲመለሱ፣ ከዘመድ ጋር ነው ብለው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው የሌለ መሆኑን ያወቁት፣ ከሶስት ቀን በኋላ መቅደስ ውስጥ አገኙት። እመቤታችን "አባትህና እኔ እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበር" አለችው፣ እሱ ደግሞ ስለ አባቱ ቤት መለሰላት። እኔ ሁሌ የማስበው አጠገቧ ስለቆመው ዮሴፍ ነው። ሶስት ቀን አብሮ ፈልጓል፣ አሁን ልጁ ስለ ሌላ አባት ይናገራል፣ ዮሴፍ አንድ ቃል ሲመልስ አልተጻፈም። ከዛ ልጁ አብሯቸው ወረደ፣ ይታዘዝላቸውም ነበር ይላል። አሳዳጊ የሆነ ሰው ሁሉ ይሄን ምዕራፍ ቀስ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ስለ ስልክም ልንገራችሁ። ትንሹ ያን ቀን ጠዋት ውሃ ውስጥ ገብቶ ከንፈሩ እስኪጠቁር አልወጣም፣ ሲስቅ ድምፁ ሆቴሉ ድረስ ይሰማል። ማታ እናቱ በቪዲዮ ደወለች። "እንዴት ነበር የኔ ጌታ?" "ደህና። ይደብራል።" ባለቤቴ አፉን ከፍቶ "ምን ይደብራል፣ ቀኑን ሙሉ..." ሊል ሲል እግሩን ረገጥኩት። ልጁ እኮ እየዋሸ አይደለም፣ እናቱ ብቻዋን ቤት እንዳለች ያውቃል፣ ያለሷ ተደሰትኩ ማለት እሷን መክዳት መስሎት ነው። ብዙ የተፋቱ ሰዎች ልጆች እንዲህ በሁለት ቤት መሀል ሚዛን ሲጠብቁ ነው የሚያድጉት፣ ይሄን ሸክም የሚያወርድላቸው ደግሞ እዛኛው ቤት ያለው ትልቅ ሰው ብቻ ነው። እሷም አወረደችለት፣ "ኧረ ውሃ ውስጥ ግባና በሚቀጥለው ስንት ሜትር እንደዋኘህ ትነግረኛለህ" አለችው። በማግስቱ ሜትሩን በእርምጃ የለካሁለት እኔ ነኝ፣ አሸዋው ላይ፣ በባዶ እግሬ፣ እሱ ከውሃው ውስጥ "አታሳንሺብኝ!" እያለ።

ለቀጣዩ እረፍት ከወዲሁ ቀን ጠይቄያለሁ፣ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ሳምንት፣ አለቃዬ "እናያለን" ብሎኛል። ባለቤቴ ለእናታቸው ገና አልጻፈላትም። ትልቋ ግማሹን ሳምንት ብቻ ነው የምመጣው ብላለች፣ ግማሹን ከጓደኞቿ ጋር መሆን ትፈልጋለች፣ እሺ ብለናታል። የኔዋ ደግሞ ትልቋ ካልመጣች ፊት ወንበሩ ባዶ ነው ወይ ብላ እየጠየቀች ነው፣ 13 ሊሞላት ገና ብዙ ይቀራል።